ውደዱኝ ያላለችው ተዋናይት

ኤፕሪል 1971፣ ሎስ አንጀለስ። የኦስካር ሽልማት ምሽት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የዓመቱ ምርጥ ሴት ተዋናይ ስም ተጠራ፤ ግሌንዳ ጃክሰን። እሷ ግን አዳራሹ ውስጥ የለችም። ሐውልቱን ጁልየት ሚልስ የተባለች ሌላ ተዋናይት ተቀበለችላት። በ1974 ያው ስም ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። አሁንም የለችም። በዚህኛው ዙር የተቀበለላት የፊልሙ ዳይሬክተር ነው።

ይህችው ሴት በ1992፣ 56 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት፣ ትወናን እርግፍ አድርጋ ትታ የብሪታንያ ፓርላማ ገባች። እዚያ 23 ዓመት ተቀመጠች። ወጣችና 80ን ተሻግራ ወደ ካሜራ ፊት ተመለሰች፤ ተመልሳም እንደገና ተሸለመች።

ታሪኳን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ይቆርጡታል፤ ተዋናይቷ እና ፖለቲከኛዋ። መሀል ያለውን 23 ዓመት ደግሞ እንደ ባዶ ገጽ ያልፉታል። እኔ ሥራዎቿን አንድ በአንድ ፈልጌ ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ሌላ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለችው አንዲት ሴት ናት፤ ተመልካቹንም መራጩንም «ውደዱኝ» ብላ የማትለምን። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። ፖለቲከኛውም፣ ሰባኪውም፣ ጋዜጠኛውም በላይክ በሚመዘንበት ጊዜ ላይ ስላለን ወሬው የድሮ ፊልም ወሬ ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

*

እኔ ግሌንዳን ያወቅኋት በፊልም አይደለም። የፖለቲካ ዜና የምከታተል ፍሪላንስ ጋዜጠኛ እንደመሆኔ መጀመሪያ ያየኋት በፓርላማ ቪዲዮ ነው። ኤፕሪል 10 ቀን 2013። የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ካረፈች ሁለት ቀኗ ነው። ምክር ቤቱ ለሟቿ ክብር ለመናገር ተሰብስቧል። እንዲህ ባለ ቀን ተቃዋሚውም ቢሆን ደግ ደጉን ተናግሮ ይቀመጣል። እኛስ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንል የለ? የእነሱም ወግ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አንዲት ሽበታም ሴት ከሌበር ፓርቲ ወንበር ተነሱ። በታቸር ዘመን የሱቅ ደጃፎች የቤት አልባዎች መኝታ እንደነበሩ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ልስኑ እየረገፈ በተማሪ ሥዕልና በፕላስተር ተደግፎ እንደቆመ ተናገሩ። ነውር ተብለው የኖሩት ስግብግብነትና ራስ ወዳድነት በዚያ ዘመን ምግባር ተብለው እንደተሾሙ ተናገሩ። ከፊት ለፊት ካለው የወግ አጥባቂዎቹ ወንበር ጩኸት ተነሳ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ዝቅም አላለም። እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ ይሰማል። ንግግሩ ሲያበቃ አንድ የወግ አጥባቂዎች አባል ለአፈ ጉባኤው አቤት አለ። አፈ ጉባኤው ጆን በርካው ግን ከሥርዓት ውጭ የተባለ ነገር የለም ብለው አለፉት።

ያችን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ መላልሼ አየኋት። የገረመኝ ድፍረቱ ብቻ አልነበረም፤ ተሳዳቢ ፖለቲከኛ የትም ሞልቷል። ሴትዮዋ ከተናገሩ በኋላ ማን እንዳጨበጨበ ለማየት ዞር አላሉም። ተናገሩ፣ ተቀመጡ፣ አለቀ። ማን ናቸው ብዬ ስፈልግ የሁለት ኦስካር ባለቤት ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ኋላ እየሄድኩ ፊልሞቿን ማየት የጀመርኩት። (ከዚህ በኋላ እንደ አርቲስት ወጋችን «እሷ» እያልኩ ልቀጥል።)

*

የተወለደችው ሜይ 9 ቀን 1936 ነው፤ ከሊቨርፑል በወንዝ ማዶ በምትገኘው በርከንሄድ። አባቷ ግንበኛ ነበር። እናቷ ሱቅ ውስጥም፣ መጠጥ ቤት ውስጥም ሠርታለች፤ የሰው ቤትም አጽድታለች። ለአራት ሴት ልጆች የመጀመሪያዋ ግሌንዳ ስትሆን፣ ስሙ የወጣላት ግሌንዳ ፋረል ከተባለች የሆሊውድ ተዋናይት ነው። በ16 ዓመቷ ትምህርት አቁማ ቡትስ በሚባለው የመድኃኒት መደብር ሁለት ዓመት ሠራች። ከሥራ ውጭ ከአማተር ቲያትር ቡድን ጋር ስትለማመድ ቆይታ፣ በ18 ዓመቷ ለንደን የሚገኘው ራዳ የተባለው ታላቅ የትወና ትምህርት ቤት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ገባች።

እዚያ የሆነውን ኋላ ላይ ራሷ ደጋግማ አውርታዋለች። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ አንቺ መልክሽ የመሪ ተዋናይት አይደለም፤ እስከ 40 ዓመትሽ ድረስ ብዙ ሥራ አገኛለሁ ብለሽ አትጠብቂ ዓይነት ምክር ሰጣት። ምክሩ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ከተመረቀች በኋላ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈታለች፤ አንዳንዴ ትንሽ የቲያትር ክፍል፣ አንዳንዴ ሌላ የዕለት ሥራ። ፊልም ላይ መጀመሪያ የታየችው በ1963 «ዚስ ስፖርቲንግ ላይፍ» ውስጥ ሲሆን፣ ዓይንህን ጨፍነህ ብትከፍት የምታመልጥህ ክፍል ነበረች።

በሩን የከፈተላት ፒተር ብሩክ ነው። በሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ባዘጋጀው «ማራ ሳድ» በሚባለው ቲያትር ውስጥ፣ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ውስጥ ሆና የፈረንሳዩን አብዮተኛ ማራን የገደለችውን ሻርሎት ኮርዴይን የምትጫወት ሕመምተኛ ሆነች። ቲያትሩ በ1967 ፊልም ሆኖ ወጣ። ዛሬም ስታዩት የሚያስፈራው ጩኸቱ አይደለም። እንቅልፍ የተጫናት የምትመስለው ሴት ቢላዋውን ስትይዝ ያላት እርጋታ ነው።

*

ቀጥሎ የመጣው «ዊሜን ኢን ላቭ» ነው። ዳይሬክተሩ ኬን ራስል፣ መነሻው የዲ ኤች ሎረንስ ልብ ወለድ፣ ዓመቱ 1969። ግሌንዳ ጉድሩን የምትባል ሠዓሊና የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ ሆና ትጫወታለች። አንድ ትዕይንት አለ። ጉድሩን ሜዳ ላይ ረጃጅም ቀንድ ባላቸው ከብቶች ፊት ትጨፍራለች። ሌላ ተዋናይት ብትሆን ትዕይንቱን የውበት ማሳያ ታደርገው ነበር። ግሌንዳ ግን ወደ ከብቶቹ የምትሄደው እንደምትፈታተናቸው ሆና ነው። አብሯት የሚጫወተው ኦሊቨር ሪድ የጊዜው ታላቅ ኮከብ ነበር፤ ገዝፎ የሚታይ ሰው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቆሙ ግን ዓይናችን የሚሄደው ወደ እሷ ነው። የመጨረሻዎቹን ትዕይንቶች ስትሠራ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በ1969 የተወለደው ልጇም አድጎ የጋዜጣ አምደኛ ሆነ። የመጀመሪያውን ኦስካር ያመጣላት ይህ ፊልም ነው።

በዚያ ዘመን የተጻፉ የፊልም ሂሶች ስለ እሷ ሲያወሩ መልኳን ሳያነሱ አያልፉም። ቆንጆ ናት? አይደለችም? ጥርሷ፣ ጉንጯ፣ ድምፅዋ። ፊቷ ግን ቆንጆ ነኝ ብሎም፣ አይደለሁም ብሎም የሚከራከር ፊት አይደለም። ሲያስብ የሚታይ ፊት ነው። ካሜራ ፊት ለፊት ማሰብ ቀላል ይመስላል፤ ራሱን በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ያየ ሁሉ ግን ያውቀዋል። ካሜራው ሲበራ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለምንናገረው ነገር መሆኑ ይቀርና እንዴት እንደምንታይ ይሆናል።

*

ከሥራዎቿ ሁሉ አንዱን ብቻ እይ ብባል የምመርጠው የቴሌቪዥን ሥራዋን ነው። በ1971 መጀመሪያ ላይ ቢቢሲ «ኤልዛቤት አር» የተባለ ተከታታይ ድራማ አስተላለፈ። ስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ቀዳማዊት ኤልዛቤትን፣ እንግሊዝን 44 ዓመት የገዛችውን ንግሥት፣ ከልጅነት እስከ ሞት ግሌንዳ ብቻዋን ትሸከማታለች። በመጀመሪያው ክፍል በእህቷ ንግሥና ዘመን የሞት ጥላ ያንዣበበባት ልዕልት ናት። በስድስተኛው ክፍል ደግሞ ነጭ ቅብ ፊቷ ላይ የተለሰነባት፣ የምትወደውን የኤሴክስን መስፍን ወደ ሞት የላከች አሮጊት። ተዋናይቷ በጊዜው 34 ዓመቷ ነበር። የንግሥቲቱን ሰፊ ግንባር በላስቲክ ከመሸፈን ብላ የፊት ፀጉሯን በምላጭ አስላጨች።

ድራማው የተሠራው በስቱዲዮ ነው፤ ግድግዳው ሲነካ የሚነቃነቅ የሚመስልበት ጊዜ አለ። የዛሬ ተመልካች የለመደው የጦርነት ትርምስ የለበትም። ያለው ክፍል፣ ወንበር፣ ሻማ፣ አማካሪዎች ነው። አማካሪዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ነው የሚጠይቋት፤ አግቢ። ለአገር ስትይ አግቢ፣ አልጋ ወራሽ ውለጂ። እሷ እሺም እምቢም አትልም። እየሳቀች ታዘገያለች፣ እየተቆጣች ታዘገያለች፣ እየታመመች ታዘገያለች። በፖለቲካ ዘገባ ለቆየ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ዋና መሣሪያው ትእዛዝ ነው ብለን እናስባለን። ግሌንዳ የምታሳየን ግን መልስ አለመስጠትም መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል፣ እና በዚያ መሣሪያ የሚኖር ሰው ምን ያህል ብቻውን እንደሚቀር ነው። በስድስት ክፍል ውስጥ አንዴም ቢሆን ስለ ንግሥቲቱ እዘኑላት የሚል ምልክት አትሰጠንም። ሳንነገር ነው የምናዝነው።

ለዚህ ሥራ አሜሪካ ላይ ሁለት የኤሚ ሽልማት አገኘች። በዚያው ዓመት «ሜሪ ኩዊን ኦፍ ስኮትስ» በተባለው ፊልም ላይ ያችኑ ኤልዛቤትን እንደገና ተጫወተች፤ ባላንጣዋን የስኮትላንዷን ሜሪን ሆና የሠራችው ቫኔሳ ሬድግሬቭ ነበረች። በዚያው ዓመት ደግሞ በጆን ሽሌሲንገር «ሳንዴይ ብለዲ ሳንዴይ» ውስጥ ዘውድ የሌላት የዘመኗ ለንደን ሴት ሆነች፤ ትዳር የፈታች፣ የምትሠራ፣ ግማሽ ልቡ ሌላ ጋ ያለ ወጣት የምትወድ። በአንድ ዓመት ውስጥ ንግሥትም፣ ቅዳሜና እሁድን በር በሩን እያየች የምታሳልፍ ሴትም።

*

ኮስታራ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለችም። በዚያው 1971 በብሪታንያ ተወዳጅ የነበሩት ኮሜዲያን ሞርካም እና ዋይዝ ፕሮግራማቸው ላይ ጋበዟት። ክሊዮፓትራን ሆና መጣች፤ እነሱ እየቀለዱባት እሷ ፊቷን ሳታጥፍ ቃሏን ትወጣለች። አገር ሳቀ። ያንን ያየው ዳይሬክተር ሜልቪን ፍራንክ «ኤ ተች ኦፍ ክላስ» ለሚባለው የፍቅር ኮሜዲ መረጣት። በ1973 የወጣው ይህ ፊልም ነው ሁለተኛውን ኦስካር ያስገኘላት። ትራጄዲ የሠራ ሁሉ ኮሜዲ አይችልም። እሷ የቻለችው የሚያስቅ ነገር እየሠራች እንደሆነ ስለማታስመስል ይመስለኛል።

ኦስካሮቹ የት ገቡ? ለእናቷ ሰጠቻቸው። እናቷ ቤት ውስጥ እንዳለ ማንኛውም ዕቃ ከልብ እየወለወለች ወርቃማ ቅቡን አስለቀቀችው እየተባለ ይተረካል። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኔ የታየኝ ግን ዕድሜዋን የሰው ቤት ያጸዳች እናት በልጇ ሽልማት ላይ ጨርቅ ስታሳርፍ ነው።

በ1975 የኢብሰንን ሄዳ ጋብለር በፊልም ሠርታ ለአራተኛ ጊዜ ለኦስካር ታጨች። በ1978 «ስቲቪ» በሚባለው ፊልም ላይ ገጣሚዋን ስቲቪ ስሚዝን ሆነች፤ ከአክስቷ ጋር በአንድ ቤት የምትኖር፣ ከውጭ ሲያዩዋት ምንም የማይደርስባት የምትመስል ሴት። በ1984 የሶቪየቱ ሳይንቲስትና ተቃዋሚ የሳካሮቭ ባለቤት የለና ቦነርን ተጫወተች።

ነገር ግን 50ን ስትጠጋ የሚመጣላት ጽሑፍ እየሳሳ ሄደ። ይህ የእሷ ብቻ ችግር አልነበረም። ደራሲዎች ሴትን የታሪኩ ሞተር አድርገው አይጽፉም፤ የሰውየው ሚስት፣ የሰውየው እናት ያደርጓታል ብላ ወጣት ሳለችም ትናገር ነበር፤ በ80 ዓመቷም ስትመለስ ምንም አልተለወጠም ብላ ያንኑ ደገመችው። በ1989 ኬን ራስል የሎረንስን «ዘ ሬይንቦው» ፊልም አደረገው። ግሌንዳም ተጠራች፤ የጉድሩን እናት ሆና። ከ20 ዓመት በፊት በከብቶቹ ፊት የጨፈረችው ሴት ራሷን የወለደችውን እናት ሆና ተመለሰች። ክፍሉን አሳምራ ሠርታዋለች። ቢሆንም መንገዱ ወዴት እየወሰዳት እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

*

በ1992 በሌበር ፓርቲ ስም ለሃምፕስቴድና ሃይጌት ወረዳ ተወዳደረች። ምክንያቷን አልደበቀችም፤ ታቸር አገሪቱ ላይ ያመጣችውን ለመቀልበስ በሕግ የተፈቀደ ማናቸውንም ነገር አደርጋለሁ የሚል ነበር። በአገር ደረጃ ወግ አጥባቂዎቹ ያሸነፉበት ምርጫ ነበር። እሷ ግን ከወግ አጥባቂዎቹ እጅ ወረዳውን ወሰደች።

ተዋናይ ወደ ፖለቲካ ሲገባ የለመድነው መንገድ አለ። ዝናውን ይዞ ይገባል። ካሜራ ያውቃል፤ መቼ እንደሚስቅ፣ መቼ እንባ እንደሚያቀርር ያውቃል። ግሌንዳ የሠራችው የዚህን ተቃራኒ ነው። ፓርላማ የገባች ቀን መተወን አቆመች። ለ23 ዓመት አንድም ፊልም፣ አንድም ድራማ አልሠራችም። የመራጮቿን የቤትና የድጎማ ጉዳይ ይዛ ትሮጥ ነበር። በ1997 ቶኒ ብሌየር ሲያሸንፍ የትራንስፖርት ምክትል ሚኒስትር ሆና ሁለት ዓመት ሠራች፤ የለንደን ትራንስፖርት የእሷ ፋይል ነበር። ለለንደን ከንቲባነት ፓርቲዋን እጩ አድርጉኝ ብላ ጠየቀች፤ አልመረጧትም። በ2003 የገዛ ፓርቲዋ መንግሥት ኢራቅን ለመውረር ሲነሳ ተቃወመች። በ2010 ምርጫ ከ50 ሺህ በላይ ድምፅ በተሰጠበት ወረዳ በ42 ድምፅ ብቻ አሸነፈች።

በሥልጣን መሰላል ከለካነው የፖለቲካ ሕይወቷ ትልቅ አይባልም። ትልቅ ሕግ በስሟ አይጠራም። ፊቷ የማይፈታ፣ ወዳጅ የማታበዛ ነበረች የሚሏትም አሉ። የፊልም ወዳጆች ደግሞ ሌላ ሒሳብ አላቸው፤ ከ56 እስከ 79 ዓመቷ ድረስ ልንይዛቸው ይገቡ የነበሩ ስንት ሥራዎች ባከኑ ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ ግን በዚያ 2013 ቪዲዮ ላይ የማየው ነገር አለ። ትንፋሹ፣ አነጋገሩ፣ ጩኸት መሀል ቃል አለመጣሉ፤ ይህ ሁሉ የ35 ዓመት የመድረክ ሙያ ነው። እሱን ደጅ አልተወችውም። ትታው የገባችው ጭብጨባ መጠበቅን ነው፤ እሱን ደግሞ ተዋናይት ሳለችም ብዙ አልያዘችውም ነበር።

*

በ2015፣ 79 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ በቃኝ ብላ ፓርላማውን ለቀቀች። ብዙ ሰው ጡረታ ነው ያለው። በዚያው ዓመት በቢቢሲ ሬዲዮ የዞላ ድራማ ላይ ድምፅዋ ተሰማ። በ2016 በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቲያትር ኪንግ ሊርን፣ ወንዱን ንጉሥ፣ ሆና ቆመች። በ2018 ብሮድዌይ ላይ የቶኒ ሽልማት ወሰደች፤ ኦስካር፣ ኤሚና ቶኒ ሦስቱንም የያዙ ተዋንያን ጥቂት ናቸው። በ2019 መጨረሻ ደግሞ ቢቢሲ «ኤልዛቤት ኢዝ ሚሲንግ» የተባለውን ፊልም አስተላለፈ። ኤልዛቤት ጠፍታለች እንደማለት ነው። በኤማ ሂሊ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ፣ አይሽሊንግ ዋልሽ ያዘጋጀችው።

ሞድ የምትባል አሮጊት ናት። የመርሳት በሽታ ይዟታል። እንዳትረሳ በትንንሽ ወረቀት እየጻፈች ኪሷ ውስጥ ትጨምራለች። ጓደኛዋ ኤልዛቤት ቤቷ የለችም፤ ሞድ ልትፈልጋት ትነሳለች። ማንም አይሰማትም። ፍለጋው ግን ከጦርነቱ በኋላ የጠፋችውን እህቷንም እየቀሰቀሰ ይመጣል፤ ሞድ የዛሬውንና የ70 ዓመት በፊቱን መለየት ያቅታታል።

ይህን ፊልም በአንድ ቁጭታ አልጨረስኩትም። አያቴን አውቃታለሁና። ነገር እንዳትረሳ የነጠላዋን ጫፍ መቋጠር ልማዷ ነበር። ኋላ ላይ ቋጠሮው ይቀራል፤ የተቋጠረለት ነገር ይጠፋል። ቁጭ ብላ ቋጠሮውን በጣቷ እየዳሰሰች «ምን ነበር?» ትላለች። እኛ እንስቅ ነበር፤ ክፋት አልነበረውም፣ እርጅና ነው ብለን ነው። ከዚያ አንድ ቀን እናቴን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። እናቴ መልስ አልሰጠቻትም። ቡናውን አቀረበችላትና ወጥታ ጓሮ ቆመች።

ስለ እንዲህ ዓይነት ሕመም የሚሠሩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ አሮጊቷን ምስኪን ያደርጓታል። እኛ አልቅሰን ቀሎን እንድንሄድ። ግሌንዳ ይህንን አትፈቅድም። የእሷ ሞድ ትቆጣለች፣ ትሳደባለች፣ ልጇን ታሳዝናለች፣ ሰው ፊት ታሳፍራለች። የማይሰማት ሰው ንዴት ነው ፊቷ ላይ ያለው። ያኔ ነው አያቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለምን እንደዚያ ትቆጣ እንደነበረ የገባኝ። ሁላችንም «እሺ እሺ» እያልን ነበር የምናልፋት። ማን ነው «እሺ እሺ» እየተባለ ዝም የሚል?

እዚህ ላይ ነው መሀል ያለው 23 ዓመት ባዶ እንዳልነበረ የምታዩት። አንዲት የሕዝብ ተወካይ ቢሮዋ ቁጭ ብላ የማይሰሙ ሰዎችን ስትሰማ ትውላለች። ቤቱ የሚያፈስ፣ ደብዳቤው መልስ ያጣ፣ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት የተንከራተተ፤ እየተናገረ ራሱ ነገሩ የሚምታታበት ሰው። ግሌንዳ ሞድን ከዚያ ወሰደቻት ብዬ መሐላ አልገባም። ሞድ ወረቀቷን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ስትቆም ግን የማየው ተዋናይት የምትኮርጀው አሮጊት አይደለም፤ መብቷን ልትጠይቅ የመጣች ሰው ነው። በዚህ ሥራ የብሪታንያውን ባፍታና ዓለም አቀፉን ኤሚ በ2020 ወሰደች። በቴሌቪዥን ከታየች 27 ዓመት ሆኗት ነበር።

የመጨረሻው «ዘ ግሬት ኤስኬፐር» ነው። በ2014 በእውነት የሆነ ታሪክ ነው፤ በርናርድ ጆርዳን የሚባሉ የ89 ዓመት የጦር አርበኛ ከሚኖሩበት የአረጋውያን ማእከል ሹልክ ብለው ወጥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ የኖርማንዲን ዘመቻ 70ኛ ዓመት ሊያከብሩ ሄዱ። ሰውየውን የሚሠራው ማይክል ኬን ነው፤ እሷ ባለቤቱን ሆናለች። ሁለቱ በ1975 አብረው ፊልም ሠርተው ነበር። ወጉ የባልየው ጉዞ ነው። እሷ ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ መስኮቱ፣ ወንበሩ፣ አሮጌ ትዝታ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆና ግን ፊልሙን በእኩል ትካፈለዋለች። ቀረጻው አልቆ ለሕዝብ ሳይታይ፣ ጁን 15 ቀን 2023፣ በ87 ዓመቷ ለንደን ቤቷ አረፈች።

*

አሁን ወደ እኛ ነገር። በየጽሑፉ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አዘጋጅ የላክሁለትን ዘገባ ሲመልስልኝ ስህተት አላገኘበትም፤ «ይህን ሰው አይወደውም» ነው ያለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ቁጥሩን እያየ ነው የሚናገረው፤ ስንት ሰው ከፈተው፣ ስንት ሰው አጋራው። እኔም ማታ ማታ የራሴን ቁጥር አያለሁ። ባለሥልጣኑም ያያል፤ ስለዚህ ችግኝ ሲተክልም፣ ሕመምተኛ ሲጠይቅም ካሜራማኑ ይቀድመዋል። የፖለቲካ ክርክራችን ቀስ በቀስ የተዋንያን ክርክር ሆነ፤ ማን በደንብ ተቆጣ፣ ማን በደንብ አለቀሰ።

«አርቲስት ፖለቲካ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ከግሌንዳ በኋላ ጥያቄውን ገልብጬ ማየት ይቀለኛል። ፖለቲከኛውን ትወና ምን አገባው? እውነተኛዋ ተዋናይት እንኳ ምክር ቤት ስትገባ መተወን አቆመች እኮ።

ይህን ስል ዝነኝነትን መጥላት ጽድቅ ነው ማለቴ አይደለም። መወደድም አይከፋም። ግሌንዳም ተወዳለች፤ የአገሯ ሰው በሳቅም በእንባም ተቀብሏታል። ልዩነቱ ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሥራው ይቀድማል። ኤልዛቤት ስትቆጣ መቆጣት ካለባት ትቆጣለች፤ ሞድ ማሳፈር ካለባት ታሳፍራለች፤ ታቸር ላይ የሚባል ነገር ካለ ይባላል። ፍቅሩ ከመጣ በኋላ ይመጣል፤ ካልመጣም ሥራው ተሠርቷል።

ማየት ለምትፈልጉ አንድ ሐሳብ ልስጣችሁ። የ«ኤልዛቤት አር»ን የመጨረሻ ክፍል አንድ ምሽት እዩ። በማግስቱ «ኤልዛቤት ኢዝ ሚሲንግ»ን እዩ። በመጀመሪያው የ34 ዓመት ሴት አሮጊት ሆና ታያላችሁ፤ በሁለተኛው የ83 ዓመት ሴት በአእምሮዋ ውስጥ ልጅ ስትሆን። በመሀላቸው 48 ዓመት አለ፤ ከዚያ ውስጥ 23ቱን የት እንዳሳለፈችው አሁን ታውቃላችሁ። ውደዱልኝ አልላችሁም፤ እሷም ብትሆን አትልም ነበር። እዩአት ብቻ።